ስለ እናንተ የተጻፈውን ጠይቁ

በማሳደጊያ ላደጉ ሰዎች በሬድዮ የተሰጠ ትምህርት፤ ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የቀረበ

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በኮዬ ፈጬና በአካባቢው ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ ዶሴ ነው።

ዶሴ ምንድን ነው? ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉ ወረቀቶች በአንድነት የሚቀመጡበት ማኅደር ነው። ዛሬ ብዙ ሰው «ፋይል» ይለዋል። የዛሬው ዶሴ ግን የመሬት ወይም የቤት ኪራይ ዶሴ አይደለም። በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ሰው ዶሴ ነው።

ከመካከላችሁ በማሳደጊያ ያደጋችሁ ትኖራላችሁ። ወይም ባለቤታችሁ፣ ጎረቤታችሁ፣ አብሯችሁ በግንባታ ቦታ የሚሠራ ሰው በማሳደጊያ ያደገ ይሆናል። ሌላው ሰው ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ እናቱን፣ አያቱን፣ አክስቱን ይጠይቃል። «መቼ ተወለድኩ? ስሜን ማን አወጣልኝ? ይሄ ጠባሳ ከምን የመጣ ነው?» ይላል፤ መልስ ያገኛል። በማሳደጊያ ያደገ ሰው ግን የሚጠይቀው ዘመድ ላይኖረው ይችላል። የእሱን የልጅነት ነገር የያዘው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ያለው በመሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እንግዲህ ስለ እናንተ የተጻፈ ነገር ካለ ጠይቃችሁ ማየት ትችላላችሁ። ልመና አይደለም፤ መብት ነው። እንዴት እንደሚጠየቅ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

1. ዶሴው ለምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ ለማስረጃ ይጠቅማል። ዛሬ መታወቂያ ለማውጣት፣ ፋይዳ ለመመዝገብ፣ የልደት የምስክር ወረቀት ለመጠየቅ ስም፣ የአባት ስምና የትውልድ ዘመን ይጠየቃል። በዶሴው ውስጥ ያለ የቆየ ደብዳቤ ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለጤና ይጠቅማል። በልጅነት የተወሰደ ክትባት፣ የታመሙት በሽታ፣ የተደረገ ቀዶ ጥገና በጤና ካርድ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ዘመድ ለመፈለግ ይጠቅማል። ወንድምና እህት አብረው ገብተው በዕድሜና በፆታ ተለያይተው ወደተለያየ ማሳደጊያ የሚላኩበት ጊዜ አለ። የዝውውር ደብዳቤው ማን ወዴት እንደሄደ ይናገራል።

አራተኛ፣ ለልብ ዕረፍት ይጠቅማል። ይህ በገንዘብ አይተመንም። «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አንድ ገጽ ወረቀትም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

2. በዶሴው ውስጥ ምን ይገኛል?

አንድ ሕፃን ያለ አሳዳጊ ሲገኝ ነገሩ ብዙ ጊዜ በፖሊስ ይጀምራል። ፖሊስ የተገኘበትን ቦታና ቀን ይመዘግባል። ከዚያ ጉዳዩ የሚመለከተው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ልጁን ወደ ማሳደጊያ የሚልክ ደብዳቤ ይጽፋል። ማሳደጊያው ልጁን ሲቀበል በመግቢያ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ዶሴም ይከፍትለታል።

በዶሴው ውስጥ የሚከተሉት ሊገኙ ይችላሉ፦

የፖሊስና የወረዳ ደብዳቤዎች፤ ልጁ ሲገባ የተነሣው ፎቶግራፍ፤ የጤና ካርድ፤ የትምህርት ቤት ውጤት፤ የዝውውር ደብዳቤ፤ ልጁን ለመጠየቅ የመጣ ዘመድ ስም፤ በመጨረሻም ልጁ አድጎ ሲወጣ የተሰጠው መሸኛ ደብዳቤ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዶሴና የመግቢያ መዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዶሴው የአንድ ልጅ ማኅደር ነው። የመግቢያ መዝገቡ ግን የሁሉም ልጆች ስም በተራ የተጻፈበት ትልቅ ደብተር ነው። ዶሴው ቢጠፋ እንኳ በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ዶሴህ የለም» ስትባሉ ወዲያው አትመለሱ። «የመግቢያ መዝገቡንም እባካችሁ እዩልኝ» በሉ።

3. የት ይጠየቃል?

ዶሴው ያለው አሁን በምትኖሩበት ሰፈር ሳይሆን ባደጋችሁበት በኩል ነው። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የመታወቂያውን ጉዳይ በሚኖርበት ወረዳ ይጨርሳል። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮዬ ፈጬ የአዲስ አበባ ከተማና የሸገር ከተማ የሚገናኙበት ስፍራ ነው፤ ሸገር ከተማም ኮዬ ፈጬ የሚባል ክፍለ ከተማ አላት። ቤታችሁ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ አስቀድማችሁ ለዩ። የልጅነት ዶሴን ግን የሚኖሩበት ወረዳ አይዘውም።

በአዲስ አበባ በመንግሥት ከሚተዳደሩት ማሳደጊያዎች የታወቁት ክበበ ፀሐይ፣ ቀጨኔና ኮልፌ ናቸው። ክበበ ፀሐይ የትንንሽ ሕፃናት ነው። ከፍ ሲሉ ሴቶቹ ወደ ቀጨኔ፣ ወንዶቹ ወደ ኮልፌ ይዛወራሉ። ስለዚህ በኮልፌ ያደገ ሰው የሕፃንነቱ ወረቀት በክበበ ፀሐይ ሊቀር ይችላል። ሁለቱንም መጠየቅ ነው። ከእነርሱ በላይ ያለው መሥሪያ ቤት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ነው።

የግል ድርጅቶችም አሉ። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. በረሀብ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን ይዘው ሥራቸውን ጀመሩ። እርሳቸው በ2013 ዓ.ም. ቢያርፉም በስማቸው የሚጠራው ድርጅት አላረፈም። ኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር በ1960ዎቹ በመቀሌ ጀምሮ በሌሎችም ከተሞች መንደሮች ከፍቷል። በእነዚህና በመሰሎቻቸው ያደገ ሰው ዋናውን መሥሪያ ቤታቸውን ይጠይቃል።

በደርግ ዘመን ደግሞ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በአላጌ፣ በሕፃናት አምባ ያድጉ ነበር። አምባው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በቦታው ላይ የግብርና ኮሌጅ ተተክቷል። እዚያ ያደጉት ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል፤ ልጆችም ወልደዋል። ማሳደጊያው ተዘጋ ማለት ግን ወረቀቱ ሁሉ ተቃጠለ ማለት አይደለም። ሥራውን የተረከበው መሥሪያ ቤት ሰነዱንም ተረክቦ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የመሥሪያ ቤቶች ስም መለዋወጡ ነው። እስቲ ተመልከቱ። ድሮ የሕፃናት ጉዳይ በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ነበር። በ1998 ዓ.ም. የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ተቋቋመ። በ2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ተባለ። በ2008 ዓ.ም. የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ በ2011 ዓ.ም. እንደገና የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ሆነ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ይባላል። በእጃችሁ ያለ አሮጌ ደብዳቤ ላይ ያለው ስም ዛሬ በሕንፃ ላይ ስላልተጻፈ «መሥሪያ ቤቱ ጠፋ» አትበሉ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሥራው አልቆመም።

የተዘጋው የግል ድርጅት ከሆነ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን ጠይቁ። ድርጅቶችን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ ሰነዱን ለማን እንዳስረከበ ከዚያ መጠየቅ ይቻላል።

በፍርድ ቤት ጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከሆነ የፍርድ ቤት መዝገብም አለ። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. በሕግ እስክትከለክል ድረስ ብዙ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። በአገር ቤት የቀረ ወንድም ወይም እህት የሄደውን ሲፈልግ፣ በውጭ ያደገውም ወደዚህ መጥቶ የወለደውን ሲፈልግ ይታያል። ለእነርሱም የፍርድ ቤቱ መዝገብ አንዱ መነሻ ነው።

4. ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ይናገራል። ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት፣ ወላጆቹን ወይም በሕግ የሚያሳድጉትን የማወቅ መብት እንዳለው ያውጃል። አገራችን የተቀበለችው የዓለም የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ሕፃን በተቻለ መጠን ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል።

በ2001 ዓ.ም. ስለ አማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ የወጣው መመሪያ ደግሞ ማሳደጊያዎች ለእያንዳንዱ ልጅ መዝገብ እንዲይዙ ይጠይቃል።

መዝገቡን ለመጠየቅ የሚረዱን ሁለት አዋጆች አሉ። ቁጥራቸውን በደብተራችሁ ጻፉ።

የመጀመሪያው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የመረጃ ነፃነት አዋጅ እንለዋለን። ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ይህ አዋጅ ለእናንተ ለአዲስ አንባቢዎች የሚሆን ነገርም አለው። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ መጠየቅ ይችላል። የሚቀበለው ሠራተኛ ጥያቄውን በጽሑፍ አስፍሮ ቅጂውን ለጠያቂው ይሰጣል። እንግዲህ ፊደል ገና አልጨረስኩም ብሎ መቅረት የለም።

ሁለተኛው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ይባላል። ዳታ ማለት መረጃ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ ስሕተት ካለበት እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። የግል ድርጅቶችንም ይመለከታል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

መብቱ ወሰን የለውም ማለት ግን አይደለም። በዶሴያችሁ ውስጥ የሌላ ሰው ምሥጢር ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ የሌላ ልጅ ሕመም ወይም ጥቆማ የሰጠ ጎረቤት ስም። ይህን መሥሪያ ቤቱ ሸፍኖ የቀረውን ሊሰጣችሁ ይችላል። በሌላው ምሥጢር ምክንያት የእናንተን ጭምር ከከለከለ ግን «የእኔን ለይታችሁ ስጡኝ» ማለት ተገቢ ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። ግራሃም ጋስኪን የተባለ እንግሊዛዊ እናቱ ሞተችበትና ገና በሕፃንነቱ በሊቨርፑል ከተማ አስተዳደር እጅ ወደቀ። እስከ 18 ዓመቱ ድረስ በዚያው አደገ። ካደገ በኋላ ዶሴውን ጠየቀ። አስተዳደሩ «በምሥጢር የተሰጠ ቃል ስላለበት ሙሉውን አንሰጥም» አለው። ጋስኪን ተከራከረ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1981 ዓ.ም.፣ ሰኔ 30 ቀን ፈረደለት። በመንግሥት እጅ ያደገ ሰው ልጅነቱን ለማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ሲከለክል ደግሞ ነገሩን የሚመረምር ገለልተኛ አካል መኖር አለበት ሲል ወሰነ። የአንድ ሰው ጥያቄ ለብዙዎች በር ከፈተ።

5. እንዴት ይጠየቃል?

ቀጨኔ በከተማው ሰሜን፣ ኮልፌ በምዕራብ ነው። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ እዚያ መድረስ ከተማውን ማቋረጥ ነው። የታክሲ ሂሳብ አለ፤ የቀን ሥራም ይቀራል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ተዘጋጁ።

በመጀመሪያ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። የገባችሁበት ዘመን፣ የወጣችሁበት ዘመን፣ የሞግዚታችሁ ስም፣ አብረዋችሁ ያደጉ ልጆች ስም፣ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት። ዘመኑን በትክክል ካላወቃችሁ «ከለውጡ በፊት»፣ «አንደኛ ክፍል ስገባ» እያላችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ ስማችሁ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡ። እዚህ ላይ የተማራችሁት ፊደል ይጠቅማል። «ፀሐይ» የሚለው ስም በፀሐዩ «ፀ» ወይም በጸሎቱ «ጸ» ሊጻፍ ይችላል። «ኃይሉ» በሦስት ዓይነት «ሀ» ይጻፋል። ዶሴዎች በፊደል ተራ ከተደረደሩ በአንዱ ያልተገኘ በሌላው ይገኛል። ከውጭ እርዳታ ያገኙ በነበሩ ድርጅቶች ደግሞ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ይሆናል። በማሳደጊያው የምትጠሩበት ሌላ ስም ከነበረም አብራችሁ ጻፉ።

ከዚያ መታወቂያችሁንና ቅጂውን ያዙ። ከማሳደጊያው የተሰጣችሁ መሸኛ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ ወይም የትምህርት ቤት ካርድ ካለ ቅጂውን አያይዙ። ዋናውን ለማንም አትስጡ።

ከዚያም ማመልከቻ ጻፉ። አጻጻፉ እንዲህ ነው። በነጠላ መስመር ባዶ የተተወውን እየሞላችሁ በእጃችሁ ገልብጡት።

ቀን ________

ለ ________________ (የማሳደጊያው ወይም የመሥሪያ ቤቱ ስም)

ጉዳዩ፦ ስለ እኔ የተያዘ መዝገብ ግልባጭ እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች ________________ ከ________ ዓ.ም. እስከ ________ ዓ.ም. ድረስ በ________________ ማሳደጊያ አድጌያለሁ። በማሳደጊያው የምጠራበት ስም ________________ ነበር። ስለ እኔ የተያዘውን ዶሴ፣ በመግቢያ መዝገብ ላይ የሰፈረውን፣ የጤናና የትምህርት ማስረጃዬን፣ እንዲሁም የዝውውር ደብዳቤዬን አይቼ ግልባጩ እንዲሰጠኝ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 እና በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት በአክብሮት አመለክታለሁ። መዝገቡ ከእናንተ ዘንድ ከሌለ ወዴት እንደተላለፈ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የመታወቂያ ቅጂ

የአመልካች ስም ________________ ፊርማ ________
አድራሻና ስልክ ________________

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። በመሥሪያ ቤቱ ወደ መዝገብ ቤት ሂዱና አንዱን አስገቡ። ሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፤ ማኅተምም አስመቱ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ትልቅ ነገር ነው። ገቢ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ከጠፋ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ገቢ ቁጥር ያለው ግን ተጠያቂ አለው። 30ውን ቀን መቁጠር የምትጀምሩትም ከዚያ ነው።

የምትከፍሉት ገንዘብ ካለ ለፎቶ ኮፒና ለመሳሰለው ነው፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። «ፋይልህን አስወጣልሃለሁ»፣ «ቤተሰብሽን አገኝልሻለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ አትመኑ። ሐሰተኛ ወረቀት ሠርቶ ቢሰጣችሁ ያቀረበው ሰውም ሊከሰስ ይችላል።

6. እምቢ ቢሉስ?

«ነገ ተመለሱ» መባል ያለ ነው። በዚህ ተስፋ አትቁረጡ። የተመለሳችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው የሥራ ክፍል በደብተራችሁ ጻፉ። «የለም» ወይም «አይሰጥም» ከተባላችሁ በትሕትና «እንግዲያው በጽሑፍ ይሰጠኝ» በሉ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ መጀመሪያ ለበላይ ኃላፊው አቤት በሉ። ካልሆነ ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ። ይህ ተቋም ሕዝብ በመሥሪያ ቤቶች ላይ የሚያቀርበውን አቤቱታ የሚመረምር ነው፤ የመረጃ ነፃነት አዋጁን አፈጻጸምም ይከታተላል። ከዚያም ካልተፈታ ፍርድ ቤት አለ። ለጠበቃ የሚከፍሉት ለሌላቸው በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከሎች አሉ። ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ነገሩ ክርክር ላይ ሳይደርስ ያልቃል። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ዘመኑንና ስሙን በትክክል ከነገራችሁት አቧራ አራግፎ ይፈልግላችኋል። ጥሩ ዝግጅትና ጥሩ አነጋገር ግማሽ መንገድ ነው።

7. ዶሴው ሲገኝ እንዴት ይነበባል?

አሁን በእጃችሁ ገባ እንበል። ከመቸኮላችሁ በፊት አራት ነገር አስተውሉ።

አንደኛ፣ የዘመን አቆጣጠሩን ተመልከቱ። የእኛና የአውሮፓ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያል። «1985 እ.ኤ.አ.» የሚል ቢሆን በእኛ 1977 ወይም 1978 ዓ.ም. ማለት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ዕድሜውን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያሳስታል፤ ያም ስሕተት ወደ መታወቂያው ይሻገራል።

ሁለተኛ፣ «በግምት» የሚለውን ቃል ፈልጉ። የልደት ቀኑ ያልታወቀ ሕፃን ዕድሜው በሐኪም ግምት ይጻፋል። የአባት ስምም አንዳንድ ጊዜ ማሳደጊያው ያወጣው ሊሆን ይችላል። ዘመድ ስትፈልጉ ይህን ካላወቃችሁ በማይመለከተው ሰው ስም ስትባዝኑ ትኖራላችሁ።

ሦስተኛ፣ በዶሴው ያለው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። የተጻፈውም ሰው ነው የጻፈው። በጉዲፈቻው ዘመን ወላጅ በሕይወት እያለ «ሞቷል» ተብሎ የተጻፈባቸው ወረቀቶች እንደነበሩ ታውቋል። ስለዚህ አንዱን ወረቀት ከሌላው ጋር አስተያዩ። ስሕተት ካገኛችሁ ይታረም ብላችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ልብን የሚነካ ቃል ይኖራል። «ተጥላ የተገኘች» የሚል መስመር ታነቡ ይሆናል። ይህ ከባድ ቃል ነው። ነገር ግን የማን ቃል እንደሆነ አስቡ። የጻፈው በዚያን ቀን ተረኛ የነበረ ፖሊስ ወይም ጸሐፊ ነው። እሱ ያየው ሕፃኑን ነው እንጂ እናቲቱን አይደለም። በምን ጭንቀት እንደነበረች፣ ልጇ በሰው ዓይን ሥር እንዲወድቅ ብላ መንገድ ዳር ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማስቀመጧን አላወቀም። ቃሉ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። የእናንተ ዋጋ መለኪያ አይደለም።

ስለዚህ ዶሴውን ለብቻችሁ አታንብቡ። የምታምኑት ጓደኛ፣ ባለቤታችሁ ወይም አብሯችሁ ያደገ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። ማንበብ የሚከብድ የእጅ ጽሑፍ ካጋጠማችሁ መምህራችሁን አስነብቡ፤ ግን ምሥጢራችሁን የሚጠብቅ ሰው ምረጡ።

የዘመድ ስምና ሰፈር ካገኛችሁም ድንገት በር አታንኳኩ። እዚያም ያለው ሰው ትዳር መሥርቶ፣ ያለፈውን ለማንም ሳይናገር ኖሮ ሊሆን ይችላል። እንደ አገራችን ወግ አስተዋይ ሽማግሌ አስቀድማችሁ ላኩ። የሚመጣው መልስ ደስ የሚያሰኝ ወይም የሚያሳዝን ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ተዘጋጁ።

8. የያዛችሁትን ጠብቁ

ግልባጩን ካገኛችሁ በኋላ ሌላ ሁለት ቅጂ አንሡ። አንዱን በቤት፣ አንዱን በምታምኑት ሰው ዘንድ አስቀምጡ። ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሉት። ከዚያ ለልጆቻችሁ ንገሩ። እናንተ ያጣችሁትን እነርሱ እንዳያጡ የልጆቻችሁን ልደት በጊዜው አስመዝግቡ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ በመንግሥት ይመዘገባሉ።

ለማስታወስ

ዶሴውን ባደጋችሁበት ጠይቁ። ስማችሁን በሚቻለው አጻጻፍ ሁሉ አስፈልጉ። የመግቢያ መዝገቡንም አትርሱ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጉ፤ ገቢ ቁጥር ተቀበሉ። 30 ቀን ቁጠሩ። እምቢ ሲባል በጽሑፍ ጠይቁ። ስታነቡ ዘመኑን አመሳክሩ።

አዲስ ቃላት

ዶሴ፦ ስለ አንድ ሰው የተጻፉ ወረቀቶች ማኅደር።
ግልባጭ፦ ከዋናው የተቀዳ ወረቀት።
ገቢ ቁጥር፦ ወደ መሥሪያ ቤት የገባ ደብዳቤ የሚሰጠው ቁጥር።
አባሪ፦ ከደብዳቤ ጋር የሚያያዝ ወረቀት።
አዋጅ፦ በመንግሥት የወጣ ሕግ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዶሴና የመግቢያ መዝገብ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. በኮዬ ፈጬ የምትኖርና በቀጨኔ ያደገች ሴት መጀመሪያ የትኛውን መሥሪያ ቤት ትጠይቅ? ለምን?
3. ስማችሁን በተለያየ ፊደል ጻፉ። በስንት ዓይነት ይጻፋል?
4. ከላይ ያለውን ማመልከቻ በእጃችሁ ገልብጡ። ለራሳችሁ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ለሚያስፈልገው ጎረቤት ስጡ።

የተከበራችሁ አድማጮችና አንባቢዎች፣ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል። ስለ እናንተ የተጻፈውን ሌሎች ሲያነቡት ኖረዋል። አሁን ፊደሉ በእጃችሁ ነው፤ ተራው የእናንተ ነው።